ክርስትና እናት ፍለጋ፦ ከመካኒሳ አቦ እስከ ፉሪ

መነሻ፦ መካኒሳ አቦ፣ ቅዳሜ ጠዋት

ሰው የጉዞ ማስታወሻ የሚጽፈው ራቅ ወዳለ አገር ሲሄድ ነው። እኔ የሄድኩት ከመካኒሳ አቦ ፉሪ ነው። መንገዱ ካልተዘጋጋ ታክሲ ቀያይሮ ለሚሄድ ሰው ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። እኔን ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ምክንያቱ እህቴ ናት። ውብዓለም ትባላለች፤ ቤት ውስጥ ውቤ ነው የምንላት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ በአሥር ዓመት ትበልጠኛለች። ነርስ ናት። ደህና በሚከፍል የግል ክሊኒክ ትሠራ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ያንን ትታ የአጥቢያችን ምእመናን ስደተኞችን ለመርዳት ወዳቋቋሙት ትንሽ ማኅበር ገባች። ማኅበሩ ከታክሲ ሒሳብ የዘለለ የሚሰጣት ነገር የለም። ሥራዋ በየሰፈሩ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ስደተኞችን ሐኪም ቤት ማመላለስ፣ ከአከራይ ጋር ማስታረቅ፣ አንዳንዴም መቅበር ነው። ለምን ስንላት "እግዚአብሔር ያዘዘኝን ነው" ትላለች። እንዲህ ያለ መልስ አልወድም። ሲያዝዝ የሰማ ምስክር አይገኝለትም።

ከፋሲካ ወዲህ ደግሞ ነገሯ ተለወጠ። ስልክ ሲደወልላት ግቢ ወጥታ ታወራለች። በትግርኛ ትስቃለች። ነጭ ቀሚስ አሰፍታ ለማንም ሳታሳይ ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለች። አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩ መጥተው "መቼም የጋብቻው ቁርባን ሲደርስ…" ብለው ጀመሩና የውቤን ፊት ሲያዩ ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞሩት። እናቴ ግን ሰምታለች።

ሰውየውን እናውቀዋለን፤ በዝና። መሐሪ ይባላል። ካርቱም የተወለደ ኤርትራዊ ነው። ጦርነቱ ሲነሳ አራስ ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሲሸሽ ሚስቱ መተማ ሳይደርሱ ሞተችበት። አሁን ፉሪ ውስጥ ፀጉር ይቆርጣል፤ ሁለት ዓመት ያለፋት ሴት ልጅ አለችው።

እናቴ ዓርብ ማታ ጠራችኝ። "ሂድና ሰውየውን እይልኝ" አለችኝ። "ያንተ ዓይን እንደሆነ የሰው ነውር ለማየት ተፈጥሯል፤ ዛሬ እንኳ ለቤተሰብ ይጥቀም።"

"ምኑን ነው የማየው?"

"ምን እንደሚፈልግ። ወይ ወረቀት ነው፣ ወይ ለልጁ ሞግዚት ነው። ሁለቱም ይሆናል። ልጄን ይዟት ባሕር ሊሻገር ነው ወይስ እዚህ ጥሏት ሊሻገር፣ እሱን ለይተህ ና።"

ለውቤ ስለ ስደተኞች ልጽፍ ስለምፈልግ ዕቃዋን ተሸክሜ ልከተላት አልኳት። ግጥም እንደምሞክር ታውቃለች፤ ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ስለሆንኩ ማንም መምህር ተው አላለኝም።

"ስለ ሌላ ሰው ልትጽፍ?" አለች። "ስለ ራስህ ጽፈህ ጨረስክ?"

ግን አልከለከለችኝም። የመንገዱን ዓላማም ያኔ ነው የነገረችኝ። የመሐሪ ልጅ ሊያ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ። ለቀዶ ጥገና ተራ ስትጠብቅ ቆይታ ሰኞ ሐኪም ቤት ግቢ ተብላለች። ልጅቷ ደግሞ ክርስትና አልተነሳችም። በጦርነቱ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የሚደረስ አልነበረም፤ ከዚያ በኋላ እናቷ ስትሞት ክርስትና እናት ትሁናት ያለቻት አክስቷ ከጁባ ትመጣለች ሲባል ቀረ። አባትየው ልጁ ሳትጠመቅ ቢላ ሥር አትተኛም ብሏል። ስለዚህ እሑድ ጠዋት ትጠመቃለች። ክርስትና እናት የምትሆነው ለተብርሃን የምትባል ሌላ ስደተኛ ናት፤ ለቡ መብራት ኃይል ነው የምትኖረው። እሷን ይዘን ፉሪ እንሄዳለን፤ እዚያ አድረን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"ከዚያማ ሰኞ ሐኪም ቤት።"

"ከሰኞ በኋላስ?"

ቦርሳዋን አሸከመችኝና ወጣች።

ለቡ መብራት ኃይል

"ጀርመን ለቡ! ጀርመን ለቡ! የሁለት ሰው ቦታ!" እያለ ረዳቱ ይጮኻል። ስንገባ አንዱ ቦታ ተይዟል። በአንድ መቀመጫ ውቤ፣ በውቤ ጉልበት ላይ ቦርሳ፣ በቦርሳው ላይ ክርኔ። ከፊታችን የተቀመጠ ክራቫት ያሰረ ሰው ስለ ቤት ኪራይ ለጓደኛው ያወራል።

"ያስወደዱብን እኮ እነሱ ናቸው" አለ። "ስደተኛ ነን ይላሉ፣ ዶላር ይላክላቸዋል፣ አከራይ የጠራውን ይከፍላሉ።"

ውቤ ትከሻውን በጣቷ ነካ አደረገችው። "ወንድሜ፣ ዶላሩን የሚልከውን ሰው የምታውቀው ከሆነ ስልኩን ስጠኝ። ሁለት ዓመት ፈልጌ አላገኘሁትም።"

ታክሲው ሳቀ። ሰውየውም ሊስቅ ሞከረ። እኔ ግን ሰውየው ካለው ግማሹን አምኜ ነበር፤ አልሸሽግም።

ለቡ መብራት ኃይል ፀጥ ያለ ሰፈር ነው፤ ረጃጅም አጥር፣ ከአጥሩ በላይ የታጠፈ ሽቦ። ፀጥታው ግን በሩ ሲከፈት ያበቃል። ለተብርሃን ያለችበት ግቢ ፊት ለፊት ትልቅ ቪላ አለ፤ ከጀርባው ለሠራተኛ የተሠሩ ክፍሎች ለሁለት ለሁለት ተከፍለው ተከራይተዋል። በየበሩ ጫማ ተደርድሯል። አንዷ በር ላይ ሻንጣ ቆሟል።

ውቤ ሻንጣውን አይታ ቆመች።

ለተብርሃን ከውስጥ ወጣች። አርባን ያለፈች፣ ዓይኗ ያበጠ ሴት። "ሓፍተይ" አለች፤ እህቴ ማለቷ ነው። ከዚያ በአማርኛ፦ "ውቤ፣ ትናንት ማታ ደወሉልኝ። በረራዬ ደርሷል። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ አውቶቡስ መጥቶ ይወስደናል።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ። ካናዳ።"

ውቤ አቀፈቻት። ሁለቱም አለቀሱ፤ የውቤ ልቅሶ ግን ከለተብርሃን ቆየት ብሎ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ያሰበችው ሌላ ነገር እንደነበር አየሁ።

"አንድ ቀን ልለምናቸው አልኩ" አለች ለተብርሃን። "ነገ ጠዋት ልጅቷን ላንሳና ልምጣ አልኳቸው። ካመለጠሽ ፋይልሽ ከታች ይገባል አሉኝ። ስድስት ዓመት ጠበቅሁት ውቤ። እናቴ እዚያ ናት። ምን ላድርግ? አንቺ ቅሪ ካልሽኝ እቀራለሁ።"

ይህ ንግግር አስቆጣኝ። ቅሪ እንደማትላት አውቃ ነው የጠየቀቻት ብዬ ጠረጠርኩ። ውቤን አየኋት።

"ሂጂ" አለች ውቤ። "እናትሽን ሳሚልኝ።"

ለተብርሃን ለሊያ ያሰፋችውን ነጭ ቀሚስ በፌስታል አውጥታ ሰጠችን። ግቢው ውስጥ የቀሩትን ሴቶች ጠየቅን፤ አንዷ ሙስሊም ናት፣ ሌላዋ ጴንጤ። የኦርቶዶክስ ሕግ ደግሞ ለሴት ልጅ ሴት፣ ያመነች፣ የቆረበች ወይም ንስሐ አባት የሚያውቃት ይላል። ስንወጣ ለተብርሃን በሩ ድረስ ተከትላን "መሐሪን ይቅርታ በሉልኝ" አለች። እኔ ልቤ ውስጥ ሌላ ሒሳብ ይሠራል፦ የሚሄድ ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው። ነገ መሐሪም አንድ ማታ ይደወልለታል።

ሃና ማርያም መንገድ

ከለቡ እስከ ሃና ማርያም መታጠፊያ በእግራችን ሄድን፤ ውቤ ታክሲ ውስጥ ስልክ ማውራት አልፈለገችም። አንደኛው የመንገዱ ወገን ተቆፍሮ ድንጋይ ተከምሯል፤ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር አቧራው ፊታችን ላይ ይበተናል። በየመሐሉ ቆም እያለች የማኅበሯን ሴቶች ጠራች። አንዷ ቢሾፍቱ ለልቅሶ ሄዳለች። አንዷ "ባሌን ላማክር" ብላ ዘጋች፤ ከዚያ በኋላ አላነሳችም። ሦስተኛዋ ቤተ ክርስቲያን መግባት የማልችልበት ሳምንት ነው አለች። ሦስቱም ምክንያት እውነት ይመስላል፤ ለዚህ ነው ያላመንኩት።

መንገድ ዳር ሸራ ሥር ሻይ ከፓስቲ ጋር ጠጣን። ሻይ አሥራ አምስት ብር ገብቷል፤ ብርጭቆው ግን አንሷል።

"ክርስትና ማንሳት ምን ያህል ከባድ ነው?" አልኳት። "ውሃው ውስጥ እስኪነክሯት መያዝ አይደለም እንዴ?"

"በእግዚአብሔር ፊት ልጄ ናት ማለት ነው ቢኒ። ጾመች ወይ፣ ቆረበች ወይ፣ ሃይማኖቷን ጠበቀች ወይ ተብለህ ትጠየቅበታለህ። የአንተ ክርስትና አባት ማታ ማታ ለምን የሚደውልልህ ይመስልሃል?"

"ብር ሊበደረኝ።"

ሳቀች። ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ ቀን ስትስቅ ያየኋት እዚያ ነው።

ፉሪ

ፉሪ ያላለቀ ሰፈር ነው። ብረቱ ወደ ሰማይ የቆመ ሕንፃ፣ ከጎኑ የጭድ ክምር፣ ከጭዱ ጎን "የውጭ ምንዛሪ አለ" የሚል የተሰረዘ ማስታወቂያ። መሐሪ የሚኖረው እማማ ደጊቱ ግቢ ነው። እማማ ደጊቱ ከተማው ሳይመጣባቸው እዚህ ያርሱ የነበሩ ሴት ናቸው፤ አሁን መሬታቸው ግማሹ ቤት ሆኖ፣ ሁለት ላም ቀርቷቸው፣ ወተት ይሸጣሉ፤ ክፍልም ያከራያሉ።

መሐሪ በር ላይ ካለችው የቆርቆሮ ፀጉር ቤቱ ወጥቶ ተቀበለን። ቀጭን ነው፤ ሸሚዙ ተተኩሷል። ውቤ የለተብርሃንን ወሬ ስትነግረው እጁን በፎጣ ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ሊያ ከጀርባው ብቅ አለች። ሮጣ ወደ ውቤ መጣች፤ ግን መሐል ላይ ቁጭ አለችና አረፈች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ውቤ አልጠራቻትም፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀቻትና ቀረብ ብላ አነሳቻት። ልጅቷ አንገቷ ውስጥ ገባች። ያ አቀባበል የአንድ ቀን አይደለም።

ውቤ እማማ ደጊቱን ልታነጋግር ወደ ውስጥ ስትገባ እኔ ሥራዬን ልጀምር ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ፂሜን አንሳልኝ" አልኩት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ሆን ብዬ አንተ አልኩት። ታዝቦኛል፤ በመስተዋት አየሁት።

አረፋውን ቀባኝ። "የእናትህ መልእክተኛ ነህ" አለ።

"ማን ነገረህ?"

"ግጥም የሚጽፍ ሰው ዕቃ አይሸከምም፣ ያዕኒ፣ እኔ ካየሁት።" ያዕኒ ከካርቱም ይዞት የመጣ ቃል ነው፤ "ማለቴ" እንደ ማለት። ምላጩን አዲስ ቀየረ። "ጠይቅ።"

አንገቱ ላይ ምላጭ ያረፈበት ሰው ጥያቄ መጠየቅ ይከብደዋል። ጠየቅሁ። "ካናዳ ፋይል አለህ?"

"አለኝ።"

"እህቴን ካገባህ እሷም ትገባበታለች?"

"ሚስት ሲጨመር እንደገና ከመጀመሪያ ይጀመራል ብለውኛል። እንግዲህ እንደ ለተብርሃን ስድስት ዓመት። ምናልባትም አልሄድም።" አገጬን ወደ ላይ አነሳው። "እኔ ለውብዓለም ነግሬአታለሁ። እዚህ እቀራለሁ። ፀጉር የትም ይበቅላል።"

"ለምን ትቀራለህ?"

ምላጩ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። "ባለቤቴን ስቀብር መሬቱ ድንጋይ ነበር። ሰው አልነበረም። እዚህ ስመጣ ልጄ ስትታመም የማታውቀኝ ሴት ሌሊት መጣች። ታክሲ አጥታ በእግሯ ነው የመጣችው። ከዚህ በኋላ ካናዳ ምን አለ?"

መልሱ ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ። የሚጽፍ ሰው ጥሩ መልስ ሲሰማ ማን ስንት ጊዜ እንደተለማመደው ያስባል። ፊቴን በአልኮል ጠረገልኝ፤ አቃጠለኝ። ልከፍለው ስል "ከባለቤቴ ወንድም" ብሎ ጀመረና አቋረጠው። "አይከፈልም" አለ።

እማማ ደጊቱ

ከሰዓት በኋላ እማማ ደጊቱ ላሟን እያለቡ ነበር ውቤ ሊያን እንዲያነሱላት የምትለምናቸው። እኔ ጥጃውን ያዝ ተብዬ ቆሜያለሁ።

"አይሆንም የኔ ልጅ" አሉ እማማ። "ሌላ ነገር ጠይቂኝ። ቤቱን በነፃ ይኑርበት በዪኝ፣ እሺ።"

"እማማ፣ ሰኞ ናት እኮ።"

"አውቃለሁ ሰኞ እንደሆነች! ከልጅቷ ጋር የምተኛው እኔ፣ ትንፋሿን የምቆጥረው እኔ።" ወተቱ ባልዲው ላይ ጮኸ። "ባለፈው ከዚሁ ክፍል አንዲት ነበረች፤ ታስታውሺያታለሽ፣ ሕፃን የነበራት። ልጇን አነሳሁላት። በዓመቱ ይዛት በሱዳን አድርጋ ሊቢያ ገባች አሉ። ከዚያ ወሬ የለም። ጾም በገባ ቁጥር ያቺ ልጄ ትጾማለች ወይስ ዓሣ በልቷታል እያልኩ እጠይቃለሁ። በሕይወት ትኑር ብዬ ልጸልይ ወይስ ነፍስ ይማር ልበል? ቄሱን ብጠይቅ ቄሱም አያውቅ። ሁለተኛ የሚሄድ ልጅ አላነሳም። ይህ ክፋት አይደለም፣ ፍርሃት ነው።"

"መሐሪ አይሄድም" አለች ውቤ።

"ሁሉም አይሄድም ነው የሚለው" አሉ እማማ፤ እኔ ሳላስበው ራሴን ነቀነቅሁ። ጥጃው አመለጠኝ።

"ያዘው እንጂ አንተ! እጅህ ለብዕር ብቻ ነው እንዴ የተሠራው?"

ከዚያ ውቤና እኔ የጭዱ ክምር ሥር ተቀመጥን። ፀሐይ ወደ ወጨጫ ተራራ አዘንብላለች። ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው፤ ደግ ሐሳብ ይመስል ነበር።

"እማዬስ?" አልኳት። "ብደውልላት ጠዋት ትደርሳለች። ንስሐ አባት አላት፣ ትቆርባለች።"

ውቤ ቀስ ብላ ዞረች። "እማዬ ካነሳቻት እኔ የሊያ እህት ሆንኩ ማለት ነው። የእህቴን አባት ላገባ?"

አልደበቀችኝም። እንደዚህ በግልጽ ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነው። እኔም ያልኩትን ያኔ ነው በሙሉ የተረዳሁት። እናቴን መጥራት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ስልክ። ልጅቷ ትጠመቃለች፣ ጋብቻውን ቤተ ክርስቲያን ራሷ ትዘጋዋለች፣ ቤተሰባችን ንጹሕ ይሆናል። እናቴ ይህን ብትሰማ መንጋቱን ሳትጠብቅ በእግሯ ትመጣለች። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እጄ ስልኩ ላይ ነው።

ውቤ እጄን አየችው። "ደውልላት ከፈለግህ" አለች። "ትመጣለች። ግን የምትመጣው ሊያን ልታነሳ አይደለም፣ እኔን ልታስር ነው። እንደዚህ ባለ ልብ ልጅ አይነሳም።"

አልደወልኩም። ለምን እንዳልደወልኩ እስካሁን በእርግጠኝነት አላውቅም። ለእህቴ አዝኜ ነው ብል ደስ ይለኛል። ምናልባት ግን ተይዤ ስለተገኘሁ አፍሬ ነው።

እሑድ ጠዋት

መሐሪ ጋር ነው ያደርኩት፤ ምንጣፍ ላይ። ሲነጋ ልጁን አጥቦ ነጩን ቀሚስ አለበሳት። ክርስትና እናት አልተገኘችም፤ ቢሆንም ይዟት ወጣ። "ቄሱን እለምናለሁ" አለ። "ከቤተ ክርስቲያን ከመጡት ሴቶች አንዷን እለምናለሁ።"

ውቤ ከእማማ ቤት ወጣች። ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቅላው የነበረውን ነጭ ቀሚስ ለብሳለች። ቦርሳው ውስጥ ኖሯል፤ እኔው ነበርኩ የተሸከምኩት። ለጥምቀቱ ክብር ነው አልኩ በልቤ፤ ወይም ከጥምቀቱ በኋላ ለቄሱ ጋብቻውን ሊናገሩ ነው። ሁለቱንም ጠረጠርኩ፤ የሆነውን አልጠረጠርኩም።

ክርስትና ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተጎን ያለ ጠባብ ክፍል ነው። ውሃው በብረት ገንዳ ቀርቧል። ሌሎች ሕፃናት ከነክርስትና እናታቸው ተሰልፈዋል፤ ሊያ ከሁሉም ትልቅ ናት፣ ቆማ ዙሪያዋን ታያለች። መሐሪ ሁለት ሴቶችን ለመነ። አንዷ ስለ ልቧ ሲነግራት ልጅቷን አየችና አንገቷን ደፋች። ሌላዋ "የማላውቀውን ሰው ልጅ?" አለች፤ በክፋት አልነበረም።

ተራቸው ደረሰ። ቄሱ በዕድሜ የገፉ፣ ዓይናቸው ግን የነቃ ሰው ናቸው። "የዚች ልጅ ክርስትና እናት?" አሉ።

አንድ ሕፃን አለቀሰ።

"እኔ ነኝ አባ" አለች ውቤ።

መሐሪ ዞረ። "ውብዓለም፣ አይሆንም።"

"ሰኞ ነው መሐሪ።"

"ሌላ ሰው እንፈልጋለን። ትንሽ ቆይተን…"

"ሰኞ ነገ ነው።"

ቄሱ ሁለቱንም አዩና ገባቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ልጄ፣ ታውቂያለሽ አይደል? ከአባቷ ጋር አበልጅ ትሆናላችሁ። ከዛሬ በኋላ ወንድምና እህት ናችሁ። ነገ መጥተሽ ፍቱልኝ አይባልም።"

"አውቃለሁ አባ።"

"አንተስ?"

መሐሪ ልጁን አቅፏል። እኔ ዓይኔን ከእሱ አላነሳሁም፤ ይህን ሰው ለማየት ነው የመጣሁት። እጁ ሲጠብቅ አየሁ። እንቢ ቢል ውቤ ትቀርለታለች፤ ልጁ ግን ሳትጠመቅ ትሄዳለች። እሺ ቢል ደግሞ ተቃራኒው። ልጅቷ "ላ! ላ!" አለች በዓረብኛ፣ እንቢ ማለቷ ነው፤ አጥብቆ ይዟት ነበር። እጁን ላላ አደረገ። ከዚያ ልጁን በሁለት እጁ ዘርግቶ ለውቤ ሰጣት። ራሱ ነው የሰጣት። ማንም ከእቅፉ አልወሰደበትም።

ውቤ ወደ ምዕራብ ዞራ ስለ ልጅቷ ሰይጣንን ካደች፣ ወደ ምሥራቅ ዞራ አመነች። ልጅቷ ውሃው ሲነካት ግቢውን በጩኸት ሞላችው፤ ከንፈሯ ጠቆረ፣ ውቤ ፈጥና ደረቷ ላይ አስጠጋቻት፣ ቄሱም ጠበቋት። ማተቡ ታሰረ። የክርስትና ስሟ ወለተ ማርያም ተባለች።

ስንወጣ ውቤን ለብቻዋ አገኘኋት። "ፈርተሽ ነው?" አልኳት። "ጋብቻውን ፈርተሽ ሰበብ ያገኘሽ ነው የመሰለኝ።"

ሌላ ሰው ቢሆን በጥፊ ይለኝ ነበር። "እሱንም ራሴን ጠይቄዋለሁ" አለች። "ሌሊቱን ሙሉ። መልሱን ባገኝ እነግርህ ነበር። እስከዚያ ልጅቷ ተጠምቃለች።"

እማማ ደጊቱ ጨጨብሳ ሠርተው ጠበቁን፤ ቅቤው ከላይ ተንጣልሎ። የሆነውን ሲሰሙ ትሪውን አስቀምጠው የውቤን ግንባር ሳሙ። መሐሪ በሩ ላይ ውሃ በጆግ ይዞ የሰው እጅ ያስታጥባል። ውቤ ጋ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

"ታጠቢ፣ አበልጄ" አለ።

እስከዚያች ደቂቃ ውብዓለም ነበር የሚላት። ውሃው እጇ ላይ ሲወርድ ሁለቱም ውሃውን ነበር የሚያዩት። እኔ ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ዓይኔ የሰው ነውር ለማየት ተፈጥሯል ብላ ነበር እናቴ፤ ይህን ለማየት ግን አልተፈጠረም።

መመለሻ

ውቤ ሰኞ ልጅቷን ልታስገባ እዚያው ቀረች። ብቻዬን ተመለስኩ። ታክሲ አጥቼ አይደለም፤ ግን ለቡ ላይ ወርጄ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። ያየሁትን አሰላሁ። ሌባ ፍለጋ ነበር የወጣሁት። ለተብርሃንን ጠረጠርኩ፣ ስልክ ያላነሱትን ሴቶች ጠረጠርኩ፣ ፀጉር ቆራጩን ምላጩ ሥር ሆኜ ጠረጠርኩ፣ የራሴን እህት ከጥምቀቱ በር ላይ ጠረጠርኩ። ሌባ አላገኘሁም። ሆኖም ከቤታችን አንድ ነገር ጠፍቷል፤ ሠርግ ሊሆን የነበረ ነገር። የወሰደው ሰው የለም። የሰጡት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት። እምነት የሚሉት ይህ ከሆነ ልመሰክርለት እችላለሁ፤ ልወደው ግን ገና አልቻልኩም።

እናቴ በሩ ላይ ነበረች። "እ? ምን አገኘህ? ሊያገባት ነው?"

"አያገባትም።"

"እሰይ!" አለች። "ጥሏት ሊሄድ ነበር፣ አላልኩም?"

"እሱ አይደለም። ክርስትና እናት ጠፋ። ውቤ ልጁን አነሳችለት።"

እናቴ የፈለገችውን ነበር ያገኘችው። እሰይዋን ግን አልደገመችውም። ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች። "ይወዳታል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኩ። እንዲህ ሳልጠራጠር የመለስኩት ሌላ ጥያቄ አላስታውስም።

ሊያ ከቀዶ ጥገናው በሕይወት ወጣች። ወደ ተራ ክፍል ባዛወሯት ቀን እናቴ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ እኔን አስከትላ ሄደች። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ከቅርብ ቤተሰብ በስተቀር አይገባም ብሎ በሩን ያዘ።

"ምኗ ነዎት እናቴ?"

"አያቷ ነኝ" አለች።

ለመግባት ስትል ነው ወይስ አምናበት ብዬ ፊቷን አጠናሁት። ምንም አላገኘሁበትም። ዘበኛው አሳለፋትና እጁን ደረቴ ላይ አደረገ።

"አንተስ?"

"የእናቷ ወንድም ነኝ" አልኩት።